ዝቅ ያለ መስኮት ስላለው ቤትና ስለ ወራሾቹ

ዛሬ ማክሰኞ ሚያዝያ አሥራ ሰባት ቀን ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ከወረቀቱ ራስጌ ሰፍሯል። ሰዓቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ነው። ይህን ያህል ማወቄ አእምሮዬ በቦታው ለመሆኑ የመጀመሪያው ማስረጃ ይሁንልኝ። ሁለተኛው ማስረጃ ጸሐፊዋ «ሙሉ አእምሮ ይዤ» ብላ ስትጀምር «አእምሮ እንደ ማሰሮ ሙሉና ጎዶሎ አይባልም፤ ጤናማ ብለሽ ጻፊ» ብዬ ማረሜ ነው።

እኔ ተናዛዧ የሰባ ስድስት ዓመት ሴት ነኝ። በፍርድ ቤቱ በር ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬአለሁ። እዚያ የሚያውቁኝ ሁሉ «እማማ አንብቢው» ይሉኛል፤ ሴት ወረቀት ይዛ ስትመጣ ከሰላምታ በፊት የምላት ይህንኑ ስለነበር ነው። ሐኪሙ ልቤ ደክሟል ብሏል። እግሬ አብጧል፤ ሁለት ትራስ ካልተደገፍኩ ትንፋሽ ያጥረኛል። አንደበቴ ግን እንደምትሰሙት ነው።

ይህን ቃል የምሰጠው በገዛ ቤቴ፣ በኋለኛው ክፍል፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ማንም ሳያባብለኝ ነው። የምትጽፍልኝ ሴት በፍርድ ቤቱ በር ከእኔ ጠረጴዛ ቀጥሎ አሥራ አራት ዓመት የሠራች ናት። ምስክሮቼ አራት ናቸው፦ ከፊት ለፊት የምትኖረው ጡረተኛ ነርስ፣ የመንገዱ ማዶ ፋርማሲስት፣ መስታወት ቆራጩ ጎረቤቴ፣ አራተኛዋም የቀድሞ ባለቤቴ ከእኔ በኋላ ያገባትና ዛሬ የእርሱ መበለት የሆነችው ሴት ናት። አራተኛዋን ሲሰማ የሚገረም ሰው አይጠፋም፤ ይገረም።

ልጆቼ ሁለት ናቸው። ታላቁ ወንድ ነው፤ እንደ አባቱ ሶፋ ሠሪ ነው። ተቀመጥ ብንለው እንቢ ብሎ በሩ ላይ ቆሟል። ታናሽዋ ሴት ከእግርጌዬ ተቀምጣለች። ከአራት ወር በፊት ሁለት ልጆቿንና አንድ ሻንጣ ይዛ ከባሏ ቤት ወደዚህ መጥታለች። ባሏ የላከላት የፍቺ ስምምነት በቦርሳዋ ውስጥ ይገኛል። ነገ ከሰዓት በኋላ ልትፈርምበት ቀጠሮ ይዛለች። ይህን ኑዛዜ ሌላ ሳምንት ማድረግ እየቻልኩ ዛሬ ያቻኮልኩት በዚሁ ምክንያት ነው።

ከዚህ ቀደም የሰጠሁት ኑዛዜ ሁሉ ተሽሯል። አንድ ነበር፤ በብርቱ ንዴት ጊዜ የተጻፈና ወንድ ልጄን ከውርስ የነቀልኩበት ነበር። ምክንያቱን ከታች እናገራለሁ።

አንደኛ። ስለ ቤቱ።

ይህን ቤት፣ ሦስቱን ክፍል፣ ኩሽናውንና ግቢውን ጭምር፣ ለሴት ልጄ አውርሻለሁ። ጸሐፊዋ፣ ቀጥሎ ያለውን በጥንቃቄ ጻፊ፦ «ለእርሷ ለብቻዋ፣ የግል ሀብቷ ሆኖ።» «ለልጄና ለቤተሰቧ» ብለሽ እንዳትጽፊ። «ለቤተሰቧ» የምትል አንዲት ቃል አንዲትን ነጋዴ ስድስት ዓመት ችሎት ስታመላልሳት በዓይኔ አይቻለሁ። አባቷ በፍቅር ብሎ ነበር ያስጻፋት፤ ፍቅሩ ግን በጽሑፉ ላይ አልታየም።

ስለዚህ ቤት ልጄ የማታውቀው ነገር አለ። በሕይወት ሳለሁ ትስማው።

አባቷን ያገኘሁት በሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ መደብር ውስጥ ጨርቅ እየለካሁ እቆርጥ ነበር። አንድ ቀን አንድ ረጅም ሰው ገባና ከመደርደሪያው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ በጣቱ አመለከተኝ። «ስንት ሜትር?» ብለው አምስት ጣቱን አሳየኝ። «ሌላስ?» ብለው ራሱን ነቀነቀ። ዲዳ መስሎኝ አዘንኩለትና እኔም በእጄ ምልክት አናገርኩት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣና «ደህና ዋልሽ» ሲለኝ መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ለካ ያን ቀን ትንንሽ ምስማሮች በከንፈሩ እንደያዘ ሥራውን ትቶ መጥቶ ኖሯል። ሶፋ ሠሪዎች ምስማሩን በከንፈራቸው ይዘው አንድ በአንድ እያወጡ ነው የሚመቱት። «ለምን አላወጣሃቸውም?» ብለው «አንቺን ሳይ ረሳኋቸው» አለኝ። ይህን ያህል ረጅም ነገር በአንድ ቀን ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜና ሌላ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከተጋባን በኋላ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራየን። እርሱ እንጨቱን ይቆርጣል፣ ስፖንጁን ይለብጣል፤ እኔ ልብሱን እሰፋለሁ። ኮላው ይሸታል፣ ሰጋቱራው ፀጉሬ ውስጥ ይገባል፣ ሬዲዮው ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋል። ደንበኛ መጥቶ ሲጠይቀው ምስማሩን እንደያዘ አንድ ነገር ያጉረመርማል። ደንበኛውም ወደ እኔ ዞሮ «ምን አሉ?» ይለኛል። «ሐሙስ ይደርሳል አለ» እላለሁ። እንዴት እንደምሰማው አላውቅም፤ እሰማዋለሁ። ወንድ ልጄ የተኛበት የመጀመሪያው አልጋ ጨርቅ ገና ያልለበሰ የአንድ ሰውዬ ባለ ክንድ ወንበር ነበር። ሰውዬው ሊወስደው ሲመጣ ልጁን አይቶ «ተውት ይተኛ፤ ሌላ ቀን እመጣለሁ» ብሎ ሄደ። እንደዚያ ያሉ ሰዎች ነበሩ።

ይህን ቤት የሠራነው ሴቷ ከተወለደች በኋላ በሦስት በጋ ነው። የቦታው ወረቀት በሚመዘገብበት ቀን ባለቤቴ ለሥራ ሌላ ከተማ ነበርና ወንድሙ ሄዶ በራሱ ስም አስመዘገበው። «ወንድም አይደል፣ ምን ይመጣል» ብለን ተውነው። እኔ ልጅቷን በጀርባዬ አዝዬ ውኃ አመላለስኩ። ግንበኛው የኩሽናውን መስኮት እንደ ሌላው ቤት ከፍ አድርጎ ሲሠራው ባለቤቴ መጥቶ አየና አስፈረሰው፤ እስከ ወገብ ዝቅ አስደረገው። «ለምን?» አላልኩትም። ልጅ ይዤ፣ ውኃ ይዤ፣ ሥራ ይዤ፤ የመጠየቂያ ጊዜ አልነበረኝም። የትዳራችን ክፋቱ ይኸው ነበር ብል ይቀለኛል። ሥራው እየበዛ ሄደ፣ ንግግራችን እያነሰ ሄደ። ቆይቶ እርሱ የአንድ ሆቴል ዕቃ ሊሠራ ዓመት ተኩል ሌላ ከተማ ተቀመጠ። ሲመለስ ሸሚዙ የሌላ ቤት ሳሙና ይሸት ነበር።

ይህን ስናገር አራተኛዋ ምስክር አንገቷን ደፍታለች። ቀና በይ እቴ፤ ያለፈ ነገር ነው። ሳሙናውም ጥሩ ሳሙና ነበር።

ሠላሳ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ወንድምየው ሁለት የተከበሩ ሽማግሎች አስከትሎ ወደዚህ ቤት መጣ። ወረቀቱን ኩሽና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ። «ምን ይላል?» አልኩ። «በሰላም ተለያይተናል ነው የሚለው፤ ሌላ ምንም የለውም» አለ። ማንበብ እችል ነበር። ዛሬ ድረስ ፊቴን የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው፤ ማንበብ የማልችል ብሆን ኖሮ ራሴን ይቅር እል ነበር። ደክሞኝ ነበር። ይለቅ ብቻ ብዬ ፈረምኩ። የፈረምኩት፣ የስፌት መኪናዬንና የጨርቅ መቁረጫ ጠረጴዛዬን ወስጄ ድርሻዬን ሙሉ በሙሉ እንዳገኘሁ፣ ቤቱ የባለቤቴ ወንድም ንብረት ስለሆነ ምንም እንደማልጠይቅ ነበር።

ወንዱ ከአባቱ ዘንድ ቀርቶ፣ ከአራት ዓመቷ ሴት ልጄ ጋር አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ሁለት ወር ያህል ከቆየሁ በኋላ፣ የቤቱ አከራይ ሴትዮ እየገፋች ወደ ፍርድ ቤቱ በር ላከችኝ። እዚያ አንድ ሽማግሌ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። ዓረፍተ ነገር ሲጨርሱ የጽሕፈት መኪናውን ቁልፍ በኃይል ስለሚመቱት ነጥቦቹ ወረቀቱን ይበሱት ነበር፤ በዚህም ሰው ሁሉ «ጋሼ አራት ነጥብ» ይላቸው ነበር። የያዝኩትን ወረቀት አዩ።

«ይህ ፊርማ ያንቺ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ማንበብ ትችያለሽ?»

«እችላለሁ።»

«አንብበሽዋል?»

ወረቀቱን ወደ ራሴ ሳብኩት።

«በይ እንግዲህ አሁን አንብቢው፤ ጮክ ብለሽ።»

ሰው ተሰልፎ እየሰማኝ አነበብኩት። ሦስተኛው መስመር ላይ ድምፄ ጠፋ። ጋሼ አራት ነጥብ መነጽራቸውን እየጠረጉ ጠበቁኝ።

«አሁን ልታለቅሺ ነው ወይስ ልንጽፍ ነው?» አሉኝ።

«ሁለቱንም» አልኳቸው።

ሳቁና ወረቀት አስገቡ። የፍቺ ስምምነት ዳኛ ካላጸደቀው እንደማይጸና፣ ዳኛውም ገና እንዳላየው ያን ቀን ነገሩኝ። በትዳር ውስጥ በሁለት ሰው ልፋት የተሠራ ቤት፣ ወረቀቱ በማንም ስም ቢሆን፣ የጋራ ነው ብሎ መከራከር እንደሚቻልም ነገሩኝ። «ግን በዕንባ አይሆንም» አሉ። «ውኃ ስታመላልሺ ያየሽ ማን ነው? በሩን የሠራው ማን ነው? ግንበኛው አለ?»

ግንበኛው ነበረ። ችሎት ቀርቦ ቤቱን ለባልና ሚስት እንደሠራ ተናገረ። ወንድምየው ደግሞ ቤቱን ያሠራሁት እኔ ነኝ፤ በደግነት አስቀመጥኳቸው አለ። ባለቤቴ ተጠይቆ «ወንድሜ እንዳለው ነው» አለ፤ ዓይኑን ግን ከወለሉ አላነሳም። ዳኛዋ ብዙ የማይናገሩ ሴት ነበሩ። ክርክሩን ከሰሙ በኋላ ቤቱን ራሳችን እናየዋለን አሉ።

በቀጠሮው ቀን ሁላችንም በዚህ ቤት ኩሽና ውስጥ ቆምን። ባለቤቴ ከሥራ በቀጥታ መጥቶ ኖሮ አንዲት ምስማር በከንፈሩ ይዟል። ዳኛዋ ዙሪያውን አዩና መስኮቱ ላይ ዓይናቸው ቀረ።

«ቤቱን ያሠራኸው አንተ ከሆንክ» አሉት ወንድምየውን፤ «ይህ መስኮት ለምን እንደዚህ ዝቅ አለ?»

«ግንበኛው ተሳስቶ ነው ክብርት ዳኛ።»

ግንበኛው አፉን ሊከፍት ሲል ዳኛዋ በእጃቸው አስቆሙትና ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «አንተስ ታውቃለህ?»

ባለቤቴ ምስማሯን ከከንፈሩ አወጣ። መስኮቱን አየ፣ እኔን አየ።

«አልተሳሳተም» አለ። «ያስፈረስኩት እኔ ነኝ። እዚህ ተቀምጣ ነው የምትሰፋው። ስትሰፋ ውጭው እንዲታያት ብዬ ነው።»

ወንድምየው «ምን ነካህ አንተ!» ቢለው፣ «ዳኛዋ ጠየቁኝ እኮ» አለው። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ያለ ማንም ግፊት ተናገረ። ረጅም ነገር ሲናገር የሰማሁበት ሁለተኛው ቀን ያ ነው።

በፍርዱ ቤቱና የስፌት ዕቃው ለእኔ ደረሰ፤ የሥራ ቤቱ ከእንጨት መሣሪያው ጋር ለእርሱ። ሴቷ ከእኔ ጋር፣ የአሥራ ሁለት ዓመቱ ወንድ ልጅ ደግሞ ተጠይቆ «ከአባዬ ጋር» ስላለ ከአባቱ ጋር ሆኑ። ያን ዕለት ከችሎቱ ስንወጣ ባለቤቴ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። «የኩሽናው በር በዝናብ ጊዜ ያብጣል፤ መጥቼ እልገዋለሁ» አለኝ። «ሌላ ሰው አመጣለሁ» ብዬው አለፍኩ። በሕይወቴ ከአፌ ከወጣው ቃል ሁሉ መልሼ ልውጠው የምመኘው ያንን ነው። የረታሁ ዕለት ቤቴ ገብቼ ያለቀስኩት በዚህ ነበር፤ እናንተ የደስታ መስሏችሁ ኖራችኋል።

እንግዲህ ልጄ፣ ያንቺም ባል እንዲሁ ይናገርልሻል ማለቴ አይደለም። እኔን ገጠመኝ። በዘመኔ ሁሉ እንደዚያ ሲሆን ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ አንዱ የራሴ ነው።

እዚህ ላይ ልጄ አቋርጣኛለች። የተባባልነው እንዳለ ይጻፍ።

«እማዬ፣ እኔ ንብረት አልፈልግም። ሰላሜን ብቻ ነው የምፈልገው።»

«ሰላምሽ የት ሊያድር ነው? ውጭ?»

«ደክሞኛል።»

«አውቃለሁ። የሚፈርመው የደከመው ሰው ነው።»

«እሱ ተንኮለኛ አይደለም።»

«አይደለም ይሆናል። መምህር ነው፣ ልጆቹን ይወዳል፣ ባለፈው ዓመት ለኔም መድኃኒት ፍለጋ ሦስት ሰፈር ዞሯል። እንግዲያው ደግ ሰው ከሆነ ብታነቢው አይቀየምሽም። አውጪው።»

«አንቺ አንብቢው እማዬ።»

«የኔ ፊርማ አይደለም የሚፈለገው። አንቺ፣ ጮክ ብለሽ።»

ከቦርሳዋ አወጣችው። የመጀመሪያውንና ሁለተኛውን አንቀጽ ቶሎ ቶሎ አነበበች። ሦስተኛው ላይ «ተጋቢዎቹ የሚኖሩበት ቤት ከባል ወላጆች በስጦታ የተገኘ በመሆኑ» ስትል ቆመች።

«ይሄ ስህተት ነው» አለች።

«ቀጥዪ።»

«ቤቱን እኮ አብረን ነው የሠራነው! ጣሪያው ሲመታ ትልቋ ሆዴ ውስጥ ነበረች። የወለሉን ሸክላ እኔ ነኝ በታክሲ ያመላለስኩት።»

«ቀጥዪ ልጄ።»

አራተኛው አንቀጽ ልጆቹ አባታቸው በሚወስነው ቦታ እንደሚኖሩ ይላል። እርሱን ጮክ ብላ መጨረስ አልቻለችም። ያን ጊዜ ወንድሟ በሩን ለቆ መጣና አጠገቧ ተቀመጠ። ትከሻው ትከሻዋን ነካ። እርሷም ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ልትቀደው ስትል፣

«አትቅደጂው!» ብዬ ጮህኩ። «ማስረጃ ነው!»

ፋርማሲስቱ ሳቀ፣ ነርሷም ሳቀች፤ በመጨረሻ ልጄም ከነዕንባዋ ሳቀች። በአራት ወር ውስጥ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ወደ ጸሐፊዋ ዞራ፣

«ነገ ጠዋት ጠረጴዛዎ ጋ ብመጣ ይጽፉልኛል?» አለቻት።

«ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ነይ፤ ኋላ ሰልፍ አለ» አለቻት ጸሐፊዋ።

ስለዚህ ልጄ፣ የሚከተለውን ምክር ከውርሱ ጋር ተቀበዪኝ። ድርሻሽን ጠብቂ ማለቴ የእርሱን ውሰጂ ማለቴ አይደለም። እርሱም ለፍቷል፤ ግማሹ የእርሱ ነው፤ ይኸንኑ በማመልከቻሽ ላይ ራስሽ ጻፊ። አንዳች ነገር እንዳትደብቂ፤ ዳኛ አንድ ጊዜ ውሸት ከያዘብሽ እውነትሽንም በጥርጣሬ ነው የሚሰማው። የጋብቻ ወረቀታችሁን፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት፣ ቤቱ ሲሠራ የተነሳችሁትን ፎቶግራፍ ሰብስቢና ቅጂውን ወንድምሽ ዘንድ አስቀምጪ። ያለቀስሽበት ቀን አትፈርሚ። «አስቤበት እመለሳለሁ» ማለት ስድብ አይደለም፤ የሚቆጣ ካለ ለምን እንደተቆጣ ጠይቂ። በልጆቹ ፊት አባታቸውን በክፉ አታንሺ። እኔ አንስቼ ነበር፤ ምን እንዳተረፍኩ ወንድምሽን ጠይቂው። ከታረቃችሁም ታረቁ፤ ደስ ይለኛል። ይህ ቤት ግን በስምሽ ይቀመጥ። መመለሻ ቤት ያላት ሴት ከባሏ ጋር ስትኖር ፈርታ አትኖርም።

ሁለተኛ። ስለ ወንድ ልጄ።

ቤቱን ለእህቱ ያደረግሁት እርሱን ንቄ አይደለም። የአባቱ የሥራ ቤት በእጁ አለ፤ ይህንንም አስቀድሜ ጠይቄው ፈቅዷል። ለእርሱ የስፌት መኪናዬን፣ የጨርቅ መቁረጫውን ጠረጴዛ፣ ትልቁን መቀስና በሣጥን ውስጥ የተጠቀለሉትን የሶፋ ልብስ ንድፎች ሰጥቻለሁ። በየንድፉ ጥግ ላይ በእርሳስ የተሳሉ ትንንሽ ፊቶች ያገኛል። አባቱ ነው የሚስላቸው፤ ልብሱን ያዘዘው ሰው ማን እንደሆነ እንዳንረሳ። አንደኛው ጢማም ሰውዬ የእርሱን የመጀመሪያ «አልጋ» ጥሎለት የሄደው ነው።

ለእርሱ አንድ ዕዳ አለብኝ። በአሥራ ሁለት ዓመቱ አባቱን ሲመርጥ ከዳኝ ብዬ ሁለት ዓመት ሰላምታ ነፈግሁት። የሻርኩት ኑዛዜም ያን ጊዜ የተጻፈ ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲወጣ መንገድ ላይ ተገናኘን። ልብሱ ላይ ሰጋቱራ ነበር። ላልፈው ስል ከፊቴ ቆመና «እማዬ፣ እኔም ብመጣ አባዬን ማን ያናግረዋል?» አለኝ። መልስ አልሰጠሁትም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሆነው።

መልሱ ይኸው፦ ልክ ነበርክ። አባትህ ብቻውን ሲቀር ጨርሶ ዝም የሚል ሰው ነበር። አንተ በልጅነትህ ያየኸውን እኔ በአዋቂነቴ አላየሁም። አናገርከው፤ ተባረክ።

ልጄ እንዲህ አለኝ፦ «እማዬ፣ ይሄም ይጻፋል?»

«ይጻፋል።»

«እንግዲያው እኔም እንዳልተቀየምኩ ይጻፍ።»

ተጽፏል።

ሦስተኛ። ስለ ቀሩት ዕቃዎች።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሼ አራት ነጥብ ሲሞቱ የተዉልኝን የጽሕፈት መኪና ለትልቋ የልጅ ልጄ ሰጥቻለሁ። የእኔን የመድኃኒት ወረቀት ሳይቀር ጮክ ብላ የምታነብ ልጅ ናት፤ ይገባታል። ነጥቡ ዛሬም ወረቀት ይበሳል፤ አታስጠግኑት። የሕግ መጻሕፍቶቼ ለሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ይሰጡ። ጸሐፊዋና ምስክሮቼ ከኑዛዜዬ አንዳች እንዳያገኙ ተጠንቅቄአለሁ፤ ቢያገኙ ኑዛዜው ይታማል። ሬዲዮው ለአራተኛዋ ምስክር እንዲሆን እፈልግ ነበርና ትናንት በእጇ ሰጥቼ ጨርሻለሁ። ወደ ቤቷ ወስዳዋለች፤ ሬዲዮው በዚህ ኑዛዜ ውስጥ የለም።

አራተኛ። ስለ ቀብሬ።

ባለቤቴ ካረፈ ስድስት ዓመቱ ነው። ከመቃብሩ በስተቀኝ አንድ ሰው የሚያስቀብር ባዶ ቦታ አለ። ባለፈው ወር ወንድ ልጄ መጥቶ «እማዬ፣ እሱን ላንቺ ብዬ ነው የያዝኩት» አለኝ። ያን ቀን ወደ ግድግዳው ዞርኩ። እንደምመኘው አልደብቅም። በፍርዱ ቤቱን ተካፈልን፣ መሣሪያውን ተካፈልን፣ ልጆቹን እንኳ ተካፈልን፤ ያልተካፈልነው ይህ ብቻ ነው። ባዶውን ቦታ ሳስብ ያቺ ከጋራዡ ጀርባ ያለችው ክፍል ትታየኛለች፤ እርሱ በዚያ በኩል፣ እኔ በዚህ በኩል፣ ማንም ብዙ ሳይናገር።

ይህን ሳስጽፍ አራተኛዋ ምስክር ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«እትዬ፣ ቦታው ያንቺ ነው» አለች። «እኔ ምንም አልልም። ከእናቴ ጋር እቀበራለሁ።»

«አንቺ አብረሽው ስንት ዓመት ኖርሽ?» አልኳት።

«ሠላሳ አራት።»

«ግራ ጎኑ አልታዘዝ ያለው ጊዜ ማን አጠበው?»

«እኔ።»

«ምስማር መያዝ ሲያቅተው ማን አቀበለው?»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ነርሷ እጇን ይዛ አስቀመጠቻት።

ቦታው የእርሷ ነው። ልጄ፣ ለእርሷ አስከብረው። የእኔ ሆኖ ስለማያውቅ ስጦታ አይባልም፤ ስለዚህ ምስክርነቷን አያፈርስም፤ ይህንን ቆም ብዬ አስቤበታለሁ። ለሴቶች ሁሉ ያንቺን አትልቀቂ ስትል ኖራ ዛሬ ምነው የሚለኝ ካለ፣ ያኔ የለቀቅሁት ምን እንደሆነ ሳላውቅ ነው፤ ይህንን ግን ልክና ስፋቱን አውቄ፣ እየፈለግሁት፣ ለምትገባው ሴት ለቅቄአለሁ። እኔን ከከተማው በስተ ምሥራቅ ባለው መካነ መቃብር ዛፍ ያለበት ጥግ ቅበሩኝ። ድንጋዬ ላይ የማንም ሚስት ተብሎ አይጻፍ፤ የሁለት ልጆች እናት፣ ማመልከቻ ጸሐፊ ይባል።

ቃሌ ይህ ነው፤ ጨርሻለሁ። ውኃ ስጡኝ።

ይህ ኑዛዜ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ ላይ በተናዛዧና በአራቱ ምስክሮች ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቧል። ተናዛዧ በንባቡ መካከል ሁለት ሆሄያት አርመው፣ «ቃሌ ነው፤ አልተጨመረበትም፣ አልተቀነሰበትም» ካሉ በኋላ በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ፈርመዋል።

ጸሐፊ፣ በፍርድ ቤቱ በር ማመልከቻ የምትጽፈው፦ ፊርማ።

አንደኛ ምስክር፣ ጡረተኛዋ ነርስ፦ ፊርማ።

ሁለተኛ ምስክር፣ ፋርማሲስቱ፦ ፊርማ።

ሦስተኛ ምስክር፣ መስታወት ቆራጩ፦ ፊርማ።

አራተኛ ምስክር፣ የሶፋ ሠሪው መበለት፦ ፊርማ። ፈርማ እስክትጨርስ ድረስ ተናዛዧ ወረቀቱን ይዘውላታል።